ተመራጭን በምን እንመዝን? ከመስከረም 27 እስከ ጥቅምት 27



መስከረም 27 ቀን 2005 በየቀበሌው አዳራሽ “የመጅሊስ ምርጫ” የተባለው ተካሄደ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 27፣ አሜሪካውያን ፕሬዚዳንታቸውን መረጡ። በዚያ ሰሞን ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂድ ግቢዎች ጎልቶ የተሰማው ወሬ ግን ስለ ቀበሌው ሳይሆን ስለ ኦባማና ስለ ሮምኒ ነበር። ማን አሸነፈ፣ በስንት አሸነፈ፣ ኦሃዮ ለማን ሄደ። ይህን የታዘቡ አንዳንድ አባቶች “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ብለው ተቆጥተዋል። ቁጣቸው ይገባናል፤ እኛ ግን በወጣቶቹ አልፈረድንም። በሚሸምትበት ሱቅ ሚዛኑ ከመጋረጃ ጀርባ የተደበቀበት ሰው ዐይኑን ወደ ጎረቤት ሱቅ ሚዛን ቢልክ ምን ይደንቃል?

ሌላም ምክንያት አለ። ከመራጮቹ መካከል የራሳችን ሰዎች አሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በዚያ ዓመት ለኛ ጉዳይ አደባባይ ወጥተው ነበር። አንዳንዶቹ ከምርጫው በፊት “እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡ ነበር?” ሲሉ ጠይቀውናል። ስም አልሰጠናቸውም። አንድ ታሪክ ግን አስታወስናቸው። እዚህም የምንጽፈው ለነሱ ብቻ ሳይሆን ለኛም ስለሚሆን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን አንድ የፀረ ሽብር ሕግ ፈረሙ። በሕጉ መሠረት አንድን የውጭ ዜጋ እሱም ጠበቃውም በማያዩት ማስረጃ አስሮ ከአገር ማባረር ይቻል ነበር። “ድብቅ ማስረጃ” ይሉታል። በዚህ ዓይነት ማስረጃ ከታሰሩት አብዛኞቹ ሙስሊሞችና ዐረቦች ነበሩ። በፍሎሪዳ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በወንጀል ሳይከሰስ ከሦስት ዓመት በላይ ታስሯል። ዳኛው የሚያየውን ወረቀት እሱ አያየውም። “ዋሽተዋል” እንዳይል የተባለውን አያውቅ፣ “አልነበርኩም” እንዳይል ቦታውን አያውቅ።

የ2000 ምርጫ ሲደርስ የአሜሪካ ሙስሊሞች አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ድብቅ ማስረጃን የሚቃወም ማን ነው? ኦክቶበር 11 በተደረገው ሁለተኛ ክርክር ጆርጅ ቡሽ ጉዳዩን በራሳቸው አንደበት አነሱት። ዐረብ አሜሪካውያን በድብቅ ማስረጃ እየተጎዱ መሆናቸውን በሚሊዮኖች ፊት ተናገሩ። ማንም ዕጩ ያን ያህል በግልጽ ሲያነሳላቸው ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ልባቸው ሞቀ። በዚያው ወር አራት ትልልቅ የሙስሊም ድርጅቶች የተጣመሩበት ምክር ቤት “ድምፃችሁን ለቡሽ ስጡ” አለ።

ምርጫው በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ልዩነት ተወሰነ። በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው የነበሩት አል ጎር ተሸነፉ። አሜሪካውያን ፕሬዚዳንታቸውን የሚመርጡት በየግዛቱ በሚቆጠር 538 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ስለሆነ አንዲት ግዛት አገሩን ልታዞር ትችላለች። ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባት ፍሎሪዳ ያን ዓመት ያችን ግዛት ሆነች። አንዳንዶች “ፕሬዚዳንቱን እኛ አነገሥነው” ብለው ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ደረሰ። ቡሽ በስድስተኛው ቀን የዋሽንግተንን መስጂድ ጎብኝተው ስለ ሙስሊሞች መልካም ቃል ተናገሩ። ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከ700 በላይ የውጭ ዜጎች በስደተኛ ሕግ ሰበብ ታሰሩ፤ ስማቸው ሳይገለጽ፣ ብዙዎቹ ጠበቃና ቤተሰብ ማግኘት ተቸግረው። ኦክቶበር 26 ቀን 2001 ፓትሪዮት አክት ተፈረመ። ቀጥሎ ጓንታናሞ መጣ። በክርክር መድረክ ድብቅ ማስረጃን የነቀፉት ሰው ከሱ የሚብሰውን አመጡ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይላል። አንዱ “ተታለሉ፣ ሞኞች ናቸው” ይላል። ሌላው “አላልናችሁም? ምርጫ ከንቱ ነው” ይላል። በሁለቱም አንስማማም። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ወንድሙ በማያየው ወረቀት ታስሮ እያለ ስለ ግብር ቅናሽ የሚያወራ ዕጩን አስቀድሞ “ስለዚህስ ምን ትላለህ?” ማለት የመራጭ መብት ብቻ ሳይሆን የአማና ጉዳይ ነው። ኡለማዎቻችን ድምፅ መስጠት ምስክርነት ነው የሚሉት ለዚህ ነው። “ይህ ሰው ለቦታው ይገባል” ብሎ የመሰከረ ሰው ስለምስክርነቱ ይጠየቃል።

ጉድለቱ በሚዛኑ አጠቃቀም ላይ ነበር። የመዘኑት የአንድ ምሽት ንግግርን ነው። ዕጩው በሥልጣን ዘመኑ ስለ እስረኞች መብት ምን እንዳደረገ፣ ከጎኑ እነማን እንደቆሙ፣ ቃሉን ባይጠብቅ በምን እንደሚይዙት አልመዘኑም። ከዚህም የከፋ አለ። በዚያ አገር ከስደተኛው ሙስሊም ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሙስሊሞች ብዙዎቹ “አላማከራችሁንም” ብለው አዘኑ። የነሱ ጥያቄ ሥራ፣ ትምህርት ቤትና የፖሊስ ግፍ ነበር፤ በብዛትም ለጎር ድምፅ ሰጥተዋል። በአንድ ሶፍ ተሰልፈው የሚሰግዱ ሰዎች ምርጫ ላይ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ወሰነ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ከቆሰሉ በኋላ ስድስቱ ሰሓቦች ኸሊፋ እንዲመርጡ ሲታዘዙ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ቤት ለቤት እየዞሩ የመዲናን ሰው፣ ሴቶችን ሳይቀር እንደጠየቁ የታሪክ መጻሕፍት ይዘግባሉ። ሹራ ማለት ይህ ድካም ነው። የታዋቂ ሰዎች ስብሰባ ብቻ ሹራ አይባልም።

የአሜሪካ ሙስሊሞች ከዚያ በኋላ ቤታቸው አልተቀመጡም። በ2004 ድጋፋቸውን ከቡሽ አንስተው ለተፎካካሪያቸው ለጆን ኬሪ ሰጡ። ቡሽ እንደገና አሸነፉ። ቢሆንም ድምፅ የሚነሣ መሆኑ ታወቀ። ሊነጠቅ የማይችል ድምፅ ማንንም አያስፈራም።

ወደ ኦባማ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የኛም ሰው በስሜት የሚናገርበት ነውና። ብዙዎቻችን የወደድናቸው አባታቸው ኬንያዊ፣ የመካከለኛ ስማቸው ሑሴን ስለሆነ ነው። በ2008 ጠላቶቻቸው በዚሁ ስም “ሙስሊም ነው” እያሉ ወሬ ነዙ፤ የሳቸው ሰዎችም ወሬውን እንደ ስድብ ቆጥረው አስተባበሉ። ትክክለኛውን ነገር የተናገሩት የሌላው ፓርቲ ሰው ኮሊን ፓወል ነበሩ፤ ሙስሊም ቢሆንስ ምን አለበት የሚል ጥያቄ አነሱ። በስሙ የወደደና በስሙ የጠላ መራጭ ሁለቱም አልመዘኑም። ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን ጓንታናሞ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ ፈረሙ። አራት ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ አልተዘጋም ነበር። ኮንግረሱ ገንዘብ ከልክሏል፤ እውነት ነው። የየመንና የፓኪስታን መንደሮች ላይ ይወርድ የነበረውን የድሮን ቦምብ ግን ያዘዘው ኮንግረሱ አይደለም።

ታዲያ አብዛኛው የአሜሪካ ሙስሊም በ2012 ለምን እንደገና መረጣቸው? መራጭ አንድ ነገር ብቻ ስለማይመዝን ነው። ልጁ ሥራ ፈትቷል፣ እናቱ ታማለች፣ ሌላኛው ዕጩ ደግሞ ለነሱ ከዚህ የተሻለ ቃል አልሰጠም። በምርጫው ዋዜማ የአገሪቱ የሥራ አጦች ቁጥር 7.9 በመቶ ነበር። ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ከተጠየቁት መራጮች ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ትልቁ ጉዳያችን ኢኮኖሚው ነው ብለዋል። እንዲህ ከሆነ ቢሊዮን የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ የመሩት ሮምኒ ማሸነፍ ነበረባቸው። ነገር ግን በሀብታሞች ግብዣ ላይ ከሕዝቡ 47 በመቶ የሚሆነው የመንግሥት ጥገኛ ነው ሲሉ በድብቅ ተቀርጸው ነበር። “እንደ እኔ ላለ ሰው ማን ያስባል?” የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ ካስቀደሙት መራጮች ከአሥሩ ስምንቱ ለኦባማ ሰጡ።

በሱረቱል ቀሶስ የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) አባቷ እንዲቀጥራቸው ስትመክር ሁለት ነገር ጠቅሳለች፦ ብርታትንና ታማኝነትን። ደረሶቻችን ይህን ሲቀሩ “ኡስታዝ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ካልተገኙስ?” ብለው ይጠይቁናል። ለእረኝነት እንኳ ሁለቱ ተጠይቀዋል፤ አገር ለሚመራማ ይበልጡን። ሁለቱ እኩል ባልተገኙ ጊዜ ግን ሥራው የትኛውን አብዝቶ እንደሚፈልግ ማየት ግድ ነው። ጦር ለሚመራ ብርታቱ ይቅደም፣ ገንዘብ ለሚጠብቅ ታማኝነቱ። ቀምሶ ያየ ሕዝብ ይህን ሳይማር ያውቀዋል።

አሁን መስከረም 27ን በዚህ ዓይን እንየው። ምርጫው በመስጂድ ይሁን ብለን የጠየቅነው ለቦታው ክብር ብቻ አልነበረም። በመስጂድ ዕጩው ይታወቃል። ሱብሒ ላይ የሚገኘው ማን እንደሆነ፣ የጀማዓው ገንዘብ በእጁ ገብቶ ማን በትክክል እንደመለሰ፣ የተጣሉትን ማን እንዳስታረቀ ጀማዓው ያውቃል። ብርታቱም ታማኝነቱም በዓይን የታየ ነው። በቀበሌ አዳራሽ ግን ዕጩውን የሚያውቀው ቀበሌው ነው። መራጩ ተነሥቶ “ስለ አወሊያ ምን አቋም አለህ? በግድ ስለተሰጠው የአህባሽ ሥልጠናስ? ስለ ታሰሩት?” ብሎ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረም። ሕዝቡ በጥር 2004 በአወሊያ “ወኪሎቻችን” ብሎ በእጁ ያወጣቸው፣ በሚዛኑ ላይ መውጣት የሚገባቸው ሰዎች ያን ቀን እስር ቤት ነበሩ። የቀረውን መመዘን አይቻልም ማለታችን አይደለም፤ ከምን ጋር አነጻጽረን?

የአሜሪካኖቹን ታሪክ ያነሣንበት ዋናው ምክንያት ግን ይህ ነው። ጥቅምት 19 ቀን በ29 ሰዎች ላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ክስ ተመሥርቷል። የዚህን አዋጅ አንቀጽ 23 ማንበብ የምትችሉ አንብቡት። የደኅንነት ሪፖርት ምንጩም የተገኘበት መንገድም ሳይገለጽ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል ይል ነበር። የ1996ቱ የአሜሪካ ሕግ ቢያንስ የውጭ ዜጋን ነበር የሚመለከተው። የኛው በገዛ አገሩ ልጅ ላይ ይሠራ ነበር። የአሜሪካ ሙስሊሞች በ2000 ለዕጩዎቹ ያቀረቡት ጥያቄ ያን ጊዜ የኛ ጥያቄ ሆነ፤ ልዩነቱ እኛ የምናቀርብለት ዕጩ ማጣታችን ነበር። ፕሬዚዳንታችንን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች እንጂ ሕዝቡ አይደለም። በ2005 በተወካዮች ምክር ቤት ከነበሩት 547 ወንበሮች ደግሞ 545ቱ የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ ነበሩ።

በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ላሉት ወንድሞችና እህቶች እንዲህ እንላለን፦ ምርጫው አለቀ ብላችሁ አትበተኑ። በምርጫው ሳምንት የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ኮሚሽን በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው ጫና እንደሚያሳስበው መግለጫ አውጥቷል። ያን መግለጫ ይዛችሁ ወደ አካባቢያችሁ ተመራጭ ቢሮ ሂዱ። ለሱ ሰጥታችሁ ከሆነ ንገሩት፤ ለተፎካካሪው ሰጥታችሁ ከሆነም ንገሩት። ስትሄዱ ከጥቁር አሜሪካውያን ሙስሊሞች ጋር ሂዱ።

እዚህ ላለነው ደግሞ በ2005 የአካባቢ ምርጫ እንደሚደረግ ይነገር ነበር። እንደ ያኔው ልማድ ዘይትና ስኳር ከምርጫ ካርድ ጋር መያያዙ አይቀርም ነበር፤ ይህን ለእናቶቻችን መንገር አያስፈልግም፣ ከኛ በላይ ያውቁታል። ዕጩ ነኝ የሚል ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ አትሳደቡ፣ በሩንም አትዝጉበት። አስገቡት፣ ቡና አፍሉለት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ማስረጃው ከየት እንደመጣ ያልተነገረበት ሰው ሊፈረድበት ይገባል ወይ? መልሱን በወረቀት ጻፉት፤ ስሙንና የዕለቱን ቀንም ጨምሩ። ለመስጂዳችሁ ሽማግሌዎች ስጧቸው፣ ያስቀምጡት።