የዓለም ዋንጫው ሒሳብ የእኛንም ላብ ይቁጠር

በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ኳታር ላይ ሲካሄድ እኔ ዶሃ ውስጥ በአንድ ሆቴል የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። አርጀንቲናና ፈረንሳይ ለዋንጫ ሲጫወቱ ከተማው በጩኸት ይናወጣል፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ አንሶላ እቀይራለሁ። በዚያ ወር አንድ ቀን እንኳ እረፍት አልወጣሁም። የቀጠረን ኩባንያ የኦቨርታይሙን ገንዘብ «ውድድሩ ሲያልቅ እንከፍላችኋለን» አለን። ውድድሩ አለቀ፣ እንግዶቹ ሄዱ፣ ብዙዎቻችንም ኮንትራታችሁ አልቋል ተብለን ተሸኘን። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም።

ይህን የምጽፈው አንጀት ለመብላት አይደለም። ስለ ትልልቅ ውድድሮች ወጪ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የስታዲየሙ፣ የመንገዱና የሜትሮው ገንዘብ ነው። እኛ የከፈልነውስ የት ተመዘገበ?

እስቲ ቁጥሮቹን እንይ። ፊፋ ከ2019 እስከ 2022 ባሉት አራት ዓመታት ከ7.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አግኝቷል። ለተወዳዳሪ ቡድኖች የተመደበው ሽልማት 440 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሌሎች የመብት ድርጅቶች ቢያንስ ይህንኑ ያህል ለተጎዱ ሠራተኞችና ለሟች ቤተሰቦች ካሳ ይመደብ ብለው ጠየቁ። ፊፋ በ2024 መጨረሻ ላይ የ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አስታወቀ። ገንዘቡ ግን ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ፕሮግራሞች የተመደበ ነው፤ ደመወዙ ለቀረበት ሠራተኛ ወይም ልጇ ለሞተባት እናት በቀጥታ የሚሰጥ አይደለም።

የሞቱትስ? አዘጋጅ ኮሚቴው በስታዲየም ሥራ ላይ በአደጋ የሞቱት 3፣ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ምክንያት የሞቱት 37 ናቸው ይል ነበር። ኋላ የኮሚቴው ዋና ጸሐፊ ሐሰን አል ታዋዲ በቴሌቪዥን ከ400 እስከ 500 የሚደርስ ቁጥር ጠሩ፤ ኮሚቴው ደግሞ ቁጥሩ በአገሪቱ ያለውን የሥራ ላይ ሞት በሙሉ የሚመለከት ነው አለ። እንግዲህ የሰው ነፍስ በትክክል ካልተቆጠረ ለነፍሱ ማን ሊጠየቅ ነው? በሙቀት ሲሠራ የዋለ ጤነኛ ወጣት በእንቅልፉ ሲሞት ወረቀቱ ላይ «የተፈጥሮ ሞት» ወይም «ልቡ ቆመ» ተብሎ ይጻፋል። አስከሬኑ ካልተመረመረ ምክንያቱ አይታወቅም። ከሥራው ጋር የተያያዘ ሞት ካልተባለ ደግሞ ካሳ የለም።

ምንም አልተለወጠም ማለት ግን ሐሰት ነው። ኳታር ከ2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን ጨምሮ ዝቅተኛ ደመወዝ 1,000 ሪያል እንዲሆን ደንግጋለች። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 እ.ኤ.አ. በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 4:00 እስከ ከሰዓት 9:30 ድረስ ፀሐይ ላይ ማሠራት ተከልክሏል። ይህ የመጣው ጠያቂ ስለበዛ ነው። ካሜራው ሲሄድ ግን ጠያቂውም ይቀንሳል።

አሁን ተራው የሳዑዲ ነው። የ2034 ዋንጫ አዘጋጅነት የጸደቀላት በታኅሣሥ 11 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ውድድሩ በ15 ስታዲየሞች ይካሄዳል ተብሏል፤ አብዛኞቹ ገና የሚገነቡ ናቸው። እዚያ ያለነው ሐበሾች ደግሞ ጥቂት አይደለንም። ስለዚህ ጥያቄው ከአሁኑ ይነሳ፦ የካሳው ገንዘብ ከበጀቱ ጋር አብሮ ይመደብ። እያንዳንዱ ሞት በገለልተኛ ሐኪም ይመርመር። ንዑስ ተቋራጩ ደመወዝ ከከለከለ ዋናው ተቋራጭ ይክፈል። የእኛም መንግሥት ሠራተኛ ለመላክ ሲፈራረም እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቅ።

እናንተም፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የሠራችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። ኮንትራታችሁንና የደመወዝ ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩ። ሙቀት ላይ ስትሠሩ ካዞራችሁ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ ሥራ አቁማችሁ ጥላ ግቡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የሕክምና ወረቀቱንም አትጣሉ። እኔ የሠራሁበትን ሰዓት የያዝኩበት ደብተር ስላልነበረኝ ስከስ ማስረጃ አጣሁ። ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የራሱን ሒሳብ መያዝ አለበት።