የሂፕ ሆፕ ወረት ወይስ የእኛ ስንፍና?

በኪነ ጥበብ ዓለም አዲስ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር ሁለት ዓይነት ዳኞች አይጠፉም። አንደኛው «ይህ የወረት ነገር ነው፤ ነገ ያልፋል» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው «ይህማ ከጥንትም የእኛ ነበር» ብሎ ያለ ምርመራ ያስገባል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ወጣቱ ስለሚያዳምጠውና ስለሚሞክረው ሂፕ ሆፕ የሚነሣው ክርክር ከእነዚህ ከሁለቱ ፍርዶች አልወጣም። ሁለቱ ፍርዶች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ከሥራ መሸሽ ነው። የሚያልፍ ነገር ድካም አያሻውም፤ ድሮም የእኛ የነበረም እንደዚሁ።

በመጀመሪያ «ወረት ነው» የሚለውን ክስ እንመልከት። ወረት ማለት ያስነሣው ሞቅታ ሲበርድ አብሮ የሚበርድ ነገር ነው። ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባለው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፣ የጃማይካ ተወላጁ ዲጄ ኩል ኸርክ እኅቱ ባዘጋጀችው የጭፈራ ግብዣ ላይ ሸክላ ባጫወተ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 «ራፐርስ ዲላይት» የተባለው ዘፈን በሸክላ ታትሞ ከሰፈር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኬንድሪክ ላማር የተባለው ራፐር በሙዚቃ ዘርፍ የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከሂፕ ሆፕ ጋር አብሮ ያደገው የብሬኪንግ ዳንስ በፓሪስ ኦሎምፒክ የውድድር ዓይነት ሆኖ ቀረበ። በዚያ በመጀመሪያው ግብዣ ላይ የጨፈሩት ልጆች ዛሬ የአያትነት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀን ነገር ወረት ብሎ መጥራት የቃሉን ትርጉም ማጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ በብሮንክስ የቆየ ሁሉ በወልቂጤ ይቆያል ማለት አይደለም። አንድ የኪነ ጥበብ ዘርፍ በተወለደበት አገር ሥር መስደዱ በሌላው አገር ለመብቀሉ ዋስትና አይሆንም። ለዚህ የራሳችን የሙዚቃ ታሪክ ምስክር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን «አርባ ልጆች» የተባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም አስመጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ መሣሪያ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ትሮምፔቱም ሆነ ትሮምቦኑ ለአገሩ ጆሮ ባዕድ ነበረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ቱዊስት የተባለው ዳንስ ገባ። ቱዊስቱ አለፈ፤ ባንዱ ግን ቀረ። ለምን? ቱዊስት የመጣው እንደ ልብስ ፋሽን ነው፤ ሲያረጅ ተጣለ። የባንዱ መሣሪያ ግን ከጊዜ በኋላ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ተቃኘ። ከጉራጌ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ የተወለዱት አርቲስት ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ ባንድ ጋር ሲዘፍኑ አድማጩ «ይህ የፈረንጅ መሣሪያ ነው» ብሎ አልሸሸም። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀረጸው «እሬ መላ መላ» ከዐሥር ዓመት በኋላ አውሮፓ ደርሶ በሸክላ የታተመውም የአውሮፓን ዜማ ስለ መሰለ ሳይሆን ስላልመሰለ ነው። እንግዲህ ዘላቂነት ከዘርፉ ጋር በጓዝ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ ተቀባዩ አገር ሠርቶ የሚሰጠው ነገር ነው።

ሁለተኛው ዳኛ ደግሞ «ራፕ ማለት ፉከራና ቀረርቶ ነው፤ በልሃ ልበልሃም ራፕ ነበር» ይለናል። ተመሳሳይነቱን መካድ አይቻልም። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ቤት እየመቱ፣ አንዱ ያንዱን ቃል እየያዘ ይፋለሙ ነበር፤ በራፕ ግጥሚያም እንዲሁ ይደረጋል። ነገር ግን መመሳሰል ዝምድና አይደለም። የብሮንክስ ልጅ በልሃ ልበልሃን አልሰማም፤ የእኛም ልጅ ራፕን የወረሰው ከአያቱ ሳይሆን ከሬዲዮና ከእጅ ስልኩ ነው። ይህን ሸፋፍኖ «የእኛ ነው» ማለት ለጊዜው ደስ ቢያሰኝም የሰው ወርቅ አያደምቅም። ፉከራ ከራፕ ጋር መመሳሰሉ አንድ ነገር ብቻ ያስረዳናል፤ ይኸውም አፈሩ ለዘሩ የሚስማማ መሆኑን ነው። ዘሩን መዝራትና ማረም ግን ገና የሚቀር ሥራ ነው።

የሂፕ ሆፕን የአሠራር ምሥጢር ካየን ደግሞ ሥራው ምን እንደ ሆነ ይገለጥልናል። ኩል ኸርክ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። ጭፈራው ይበልጥ የሚግለው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት ቅጽበት መሆኑን አስተዋለ። ያንን ቅጽበት ለማርዘም የአንድን ዘፈን ሁለት ሸክላዎች በሁለት ማጫወቻዎች ላይ አድርጎ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ያጫውት ጀመር። ስለዚህ ሂፕ ሆፕ ከመነሻው ከቆየ ድምፅ ላይ ቆርሶ የሚሠራ ጥበብ ነው። ጎተራው የተቀረጸ ድምፅ ነው፤ ጎተራ የሌለው ሂፕ ሆፕ ከጎረቤት ይበደራል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ናስና የጃማይካው ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው ምት የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ያ ዜማ ከባሕር ማዶ ራፐሮች እጅ ሊገባ የቻለው ቀድሞ በሸክላ ተቀርጾ፣ በኋላም ዳግመኛ ታትሞ ስለ ተገኘ ነው። ሳይቀረጽ በቀረ ነበር እነርሱም ባላገኙት፤ እኛም ባልኮራንበት።

ታዲያ የቡታጅራው ወጣት ጎተራ የት ነው? ከመስቀል በኋላ በክስታኔ ምድር ልጃገረዶችና ጎረምሶች የሚገናኙበት አዳብና አለ። እናቶች የሚከበሩበት አንትሮሽት አለ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚያንጎራጉሩት አለ፤ በጀፎረው ሣር ላይ የሚጨፈረው አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ራፕ የሚፈልገው ነገር ተሟልቶ ይገኛል፦ ፈጣን ምት፣ በእግርና በጭብጨባ የሚሠራ ከበሮ፣ አውጪና ተቀባይ፣ እዚያው የሚፈጠር ስንኝ። አንድ ወጣት ዛሬ ተነሥቶ «የአዳብናን ዘፈን ከነግጥሙ፣ ከነትርጉሙ፣ ከነአውጪው ስም ስጡኝ» ቢል የትኛው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው መደርደሪያ ይመልስለታል?

ጉራጌኛ ጭፈራ መድረክ አጥቶ አያውቅም። ችግሩ የሚቀርብበት አኳኋን ነው። በበዓል ዝግጅቶቻችን ላይ ጉራጌኛ በአብዛኛው የሚመጣው ታዳሚውን ከወንበሩ ለማስነሣት ነው፤ ጉልበቱ ይፈለጋል፣ ቃሉ አይፈለግም። ሁሉም ይዘላል፤ ግጥሙ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ሂፕ ሆፑም ይህንኑ ልማድ ወርሷል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመታት ቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» በተባለው ሥራው የጉራጌን ምትና ራፕን ባገናኘ ጊዜ በር ከፍቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። በተከፈተው በር በኩል መግባት የነበረበት ግን ምቱ ብቻ አልነበረም። ምት እንደ በርበሬ በማንኛውም ወጥ ላይ ይነሰነሳል፤ ወጡን ወጥ የሚያደርገው ግን ቃሉ ነው። ራፕ ደግሞ ከዘፈን ሁሉ ይልቅ የቃል ጥበብ ነው፤ ቃሉን ያወጣህለት እንደ ሆነ የሚቀረው ባዶ ድለቃ ነው።

የሌሎች አፍሪካ አገሮች ልምድ ይህንኑ ያጸናል። በዳካር እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ፖዚቲቭ ብላክ ሶል የተባለው ቡድን በዎሎፍ ቋንቋም ራፕ ማድረጉ ዘርፉን ከሴኔጋል ሕዝብ ጆሮ ጋር አስተዋወቀው። በዳር ኤስ ሳላምም በእንግሊዝኛ ቅጂ የተጀመረው ነገር በስዋሂሊ ሲነገር ቦንጎ ፍሌቫ የተባለ የራሱ ስምና የራሱ አድማጭ ያለው ሙዚቃ ሆነ። ቸሃ፣ እዣ፣ ሙኸር፣ ክስታኔና መስቃን የሚነገርበት አገር ለዚህ ምን ያንሰዋል? «ፊደሉ አይመችም» የሚለው ሰበብም ከእንግዲህ አይሠራም፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የተዘጋጁት ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብተዋል።

አንዳንድ የባህል ሠራተኞች «ይዘቱ ጉራና ገንዘብ፣ ስድብና መጠጥ ነው» ብለው ይከስሳሉ። ክሱ በአንዳንዱ ሥራ ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ቅርጽ በይዘቱ ጥፋት አይሰቀልም። አዝማሪም ይሳደብ ነበር፤ ስለዚህ ማሲንቆ ይሰበር ያለ አስተዋይ የለም። ወጣቱ ስለማያውቀው ከተማ ጎዳና የሚፎክረው ስለሚያውቀው ቀዬ፣ ማለትም ለንግድ ወደ መርካቶ ስለሄደው ወንድሙ፣ ለመስቀል ስለሚመለሰው ዘመድ፣ ቋንቋው ስለጠፋበት የአክስቱ ልጅ ቢናገር ደረጃውን የሚያስተካክልለት ሰው ስላላገኘ ነው።

እንግዲህ ሥራው ግልጽ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ሁለት ዞኖች ማለት ሁለት የባህል መምሪያዎች ማለት ነው። እነዚህ መምሪያዎች ከሚቀጥለው መስቀል ጀምሮ መቅረጫ ይዘው ወደ ጀፎረው ይውረዱ፤ የተቀረጸውም ለማንኛውም ወጣት በነፃ ይሰጥ። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን ግጥሙን ይጻፉት፣ ይፍቱት። የትምህርት ቤት መምህር ተማሪው በእናቱ ቋንቋ ያዘጋጀውን ራፕ ከግጥም ክፍለ ጊዜ አያባርረው፤ ይልቅስ ስንኙን ያርምለት። ከያኒውም ምቱን ተበድሮ ቃሉን ጥሎ አይሂድ።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ «ሂፕ ሆፕ ይቆያል ወይስ ያልፋል?» እያሉ መከራከር ባልታረሰ ማሳ ዳር ቆሞ ስለ ምርት መሟገት ነው። ሂፕ ሆፕማ በዓለም ላይ ቆይቷል፤ እኛ ፈቀድንም አልፈቀድንም ወደ ልጆቻችን ጆሮ ይደርሳል። የሚያሰጋው የእርሱ ማለፍ አይደለም። የሚያሰጋው እርሱ ቆይቶ የአዳብናው ስንኝ እንዳያልፍ ነው።