የሱስ ሕክምና ወጪ በእናቶች ጫንቃ ላይ ሊቀር አይገባም



የምርጫ ማኒፌስቶ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ፌዴራል ሥርዓትና ስለ ነፃ ፍርድ ቤት እንዲናገር ይጠበቃል። እነዚህን ጉዳዮች በቀጣዮቹ ገጾች በየተራ አቅርበናል። ከዚያ በፊት ግን በየቤቱ ያለ፣ በየቤቱም የሚደበቅ አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም የአልኮል፣ የጫትና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ሕክምና የት ይገኛል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው።

ጉዳዩን ወደ ጽሕፈት ቤታችን ያመጡት አንዲት እናት ናቸው። ሽምብጥ አካባቢ ጠላና አረቄ እየሸጡ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። የመጡት አባል ለመሆን አልነበረም፤ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው ፈልገው ነው። ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው ሌሊት ላለማንቀላፋት ሲል ጫት ጀመረ። ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ ጨብሲ ተከተለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆነ። ሁለት ጊዜ እቤት ዘግተውበት አስተዉት፤ ሁለቴም ተመለሰበት። በሦስተኛው ጊዜ መጠጡን ባቆመ በሁለተኛው ቀን አረፋ ደፍቆ ወደቀ። ሐኪም ቤት ተወስዶ ግሉኮስ ከተሰቀለለት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለሱሱ አዲስ አበባ ውሰዱት ተባሉ። እናት ዕቁባቸውን ቀድመው አወጡ፤ የጆሮ ወርቃቸውን ሸጡ፤ አዲስ አበባ ላይ አልጋ ተከራይተው ተራ ጠበቁ። ከሕክምናው በፊት ገንዘቡ አለቀና ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ።

የጤና መድኅን ደብተራቸውን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠው፣ «ጋሼ፣ ይኼ ለወባ ይሠራል፣ ለሳንባ ይሠራል። ለልጄ ለምን አይሠራም?» ሲሉ ጠየቁን። ቀጥለውም እኛ ልንለው ያልደፈርነውን ራሳቸው ተናገሩት፦ «ልጄን ያጠፋውን ሸጬ ነው ልጄን የማሳክመው።»

ማመልከቻውን ጻፍንላቸው። ማመልከቻ ግን በልመና ብቻ አይጻፍም፤ የሚጠቀስ ሕግ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሕጎቻችንን አገላበጥን። ያገኘነው ነገር ለመራጩ ሕዝብ ሊነገር ይገባዋል ብለን እናምናለን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። መንግሥትም ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት እዚያው ተጽፏል። የወንጀል ሕጉም ቢሆን ሱስን አይክድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 አንድ ተከሳሽ በአልኮል ወይም በዕፅ ሥር የሰደደ መመረዝ የሚታይበት ከሆነ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ያዛል። ይህ ማለት ሕጋችን የሱሰኛውን ሕመም የሚያውቀው ሰውየው ሰው ደብድቦ ወይም ሰርቆ ችሎት ፊት ሲቆም ነው።

ያው ሰው ወንጀል ሳይፈጽም በታማሚነት ሲመጣስ? የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ተግባራዊነቱ ለዓመታት ሲራዘም ቆየ። ማስፈጸሚያ ሆኖ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ እንዲዋጣ ደነገገ። ያው ደንብ መድኅኑ የማይሸፍናቸውን ሲዘረዝር ከውጭ አገር ሕክምና፣ ከውበት ቀዶ ጥገናና ከሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር አንድ ላይ አድርጎ የሱስ ሕክምናን አስቀመጠ። አረቄ ሳይቀምስ የማይነጋለት መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሕክምና መፈለጉ ውበትን ከማሳመር ጋር ተደመረ ማለት ነው። ይህን ዝርዝር ያዘጋጁ ሰዎች ሱስን እንደ ሕመም ሳይሆን እንደ ጥፋት አይተውታል የሚል እምነት አለን።

የእኚያ እናት ደብተር ሌላው ዓይነት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። ይህ አሠራር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጣና ዳር ያለችው ፎገራና ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ማምጣቱን ተቃዋሚ ስለሆንን አንክድም። ነገር ግን ደብተሩ የሚሠራው ውል በተገባበት ተቋም፣ ከታች ወደ ላይ በሪፈር ወረቀት ሲኬድ ነው። የአውቶቡስ ትኬት አይከፍልም፤ የአዲስ አበባን የአልጋ ኪራይ አይከፍልም፤ አስታማሚ ሆና ሥራዋን የዘጋች እናት ያጣችውን ገቢ አይተካም። ሕክምናው ከ500 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ርቀት ላይ እስካለ ድረስ ደብተሩ ወረቀት ነው።

መንገዱም ራሱ መንገድ መሆኑ ቀርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ ተደጋግሞ ሲዘጋ፣ ተሳፋሪም ሲታገት አይተናል። ጤነኛው ሰው የሚፈራውን ጉዞ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ግጭቱ ደግሞ ጠጪውን የሚያበዛ እንጂ የሚቀንስ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ ዘመዱን የቀበረ፣ ሥራው የተዘጋበት ሰው ማታ ወዴት እንደሚሄድ ለከተማ ነዋሪ መንገር አያሻም።

አዲስ አበባ ሲደረስም በሩ ጠባብ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ዛሬም የአገሪቱ ሁሉ የአእምሮ ሕሙማን ተስፋ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅም የሱስ ሕክምና ይሰጣል። የግል ማገገሚያዎችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ጠላ ለምትሸጥ እናት አይነገራትም።

እዚህ ላይ ሕክምናው ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ «በቃህ፣ ተው!» ብሎ በር በመዝጋት ልጁን ለሞት የሚያጋልጠው ባለማወቅ ነውና። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊወድቅ ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት በጤና ባለሙያ ክትትል ሊያልፍ ይገባል። የሚያስፈልጉት መድኃኒቶች እንደ ዲያዜፓም ያሉ የቆዩና የታወቁ ናቸው፤ ቢ1 ቪታሚን ይታከልባቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ወራት የሚፈጅ የምክር አገልግሎት ነው፤ ረጅሙም ከባዱም ይኸው ነው። የጫት ሱስ ከዚህ ይለያል። ሲቆም እንደ አረቄው አይገድልም፤ ሐራራው፣ ዱካኩና ድብርቱ ግን ሰውን መልሶ ወደ በርጫ ይጎትተዋል። ጫትን የሚተካ መድኃኒት የለም። የሚረዳው ምክርና ክትትል ነው፤ ሰውየው ጫቱ የቀሰቀሰበት ወይም ያባባሰበት የአእምሮ ሕመም ካለ ደግሞ ለእሱ መታከም አለበት።

እንግዲህ ይህ ከባሕር ማዶ ካልመጣ የማይገኝ ጥበብ ነውን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው መርሐ ግብር የአልኮልና የዕፅ ሱስን በጤና ጣቢያ ደረጃ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው እንዲያክሙ የሚያስችል መመሪያ አዘጋጅቷል። አገራችንም ይህን መርሐ ግብር ተቀብላለች። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለን፤ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አለን፤ ሐኪምና ነርስ የሚያስመርቅ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን አለ። የጎደለው በሱስ ሕክምና ስም የተመደበ፣ በምክር ቤት ፊት የሚጠየቁበት በጀት ነው።

ጸበል የሚሄዱትን አንነቅፍም። ከግሽ ዓባይ ጸበል ተመልሶ ሰው የሆነ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ እምነታቸውን እናከብራለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አረቄውን ትቶ ጸበል የገባ ሰው በሁለተኛው ቀን ቢንቀጠቀጥ የሚያየው ነርስ በአቅራቢያው ይኑር። ካህንና ነርስ የሚጣሉበት ምክንያት አይታየንም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለን መልሳችን ከራሱ ከመጠጡና ከጫቱ የሚል ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 767 በጫት ላይ በኪሎ 5 ብር ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186ም በቢራና በአረቄ ላይ ግብር ጥሏል። ጎንደር ላይ ምርት የጀመረው ዳሸን ቢራ በብአዴን ሥር የነበረው የጥረት ንብረት እንደነበር የሚዘነጋ የለም። ቢራ መጥመቅ ወንጀል ነው አላልንም። ነገር ግን ፓርቲም መንግሥትም ከብርጭቆው ትርፍና ግብር ሲያገኙ፣ ብርጭቆው የጣለውን ሰው የማንሳቱ ዕዳ ለእናቱ ብቻ የሚተውበት ምክንያት ምንድን ነው?

በዚህ ፈንታ የምናየው ዘመቻ ነው። በየጊዜው ሺሻ ቤቶች ይከበባሉ፤ ዕቃው ይቃጠላል፤ ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፍተው በቴሌቪዥን ይታያሉ። በሳምንቱ ቤቱ በሌላ መንደር ይከፈታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ መከልከሉን እንደግፋለን። ሕጉ በሆቴሉም በግሮሰሪውም በእኩል ይከበር። የተያዘው ልጅ ግን ታማሚ ከሆነ ከፖሊስ ጣቢያ ቀጥሎ የሚሄድበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ጫትን በአዋጅ እናግዳለን ብለን ግን ድምፅ አንለምንም። የሮቢትና የወንጀጣ ገበሬ በእጁ ጉድጓድ ቆፍሮ ጫት የሚያጠጣው ልጆቹን ከሚያስተምርበት ሌላ ገቢ ስላጣ ነው። ከእርሱ ጓሮ ነቅለን የምንተካለት ሳይኖር «እናጠፋዋለን» ማለት ቅጥፈት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወንዶች 27ቱ፣ ከመቶ ሴቶች 12ቱ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ይህን ሁሉ ሰው ወንጀለኛ የሚያደርግ መንግሥት እስር ቤት ሲሠራ ይኖራል። እኛም ከደሙ ንጹሕ ነን አንልም። በምርጫ ዘመቻ ሌሊቶች ከጽሕፈት ቤታችን ወለል ገራባ የጠረግንባቸው ጠዋቶች አሉ። ያን ጊዜ የሳቅንበት ጓዳችን ዛሬ ከመካከላችን የለም።

ስለሆነም ፓርቲያችን የክልሉን መንግሥት የመምራት ዕድል ካገኘ በሁለቱ የባሕር ዳር ሆስፒታሎች በሱስ ሕክምና ስም በጀት የተያዘላቸው አልጋዎች እንዲኖሩ ያደርጋል። በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በጎርጎራ የመጠጥ ማቆሚያው ሳምንት መድኃኒትና የሠለጠነ ነርስ በቅርብ እንዲገኝ ይሠራል። ከአልኮልና ከጫት ግብር ለክልሉ ከሚደርሰው ከእያንዳንዱ 100 ብር 5 ብር በሕግ ተለይቶ ለዚሁ እንዲውል እናደርጋለን። በማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን የሪፈር ታማሚና የአንድ አስታማሚ የመጓጓዣ ወጪ እንዲሸፈን እንሠራለን። በፌዴራሉ ምክር ቤት የሚቀመጡ ተወካዮቻችን የደንብ ቁጥር 271 ክልከላ እንዲነሳና በሌላ ስምና ቁጥር እንዳይመለስ ይሟገታሉ። ሥራን በሚመለከትም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሰጠው የሕመም ፈቃድ፣ ማለትም የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ ሌሎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ፣ ለሱስ ሕክምናም ያለ ማንገራገር እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ለመታከም የተናገረ ሠራተኛ የሚባረር ከሆነ ሁሉም እስኪወድቅ ድረስ ይደብቃል።

አንዱ ነገር በጀት እንኳ አይፈልግም። ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች ተሰብስበው የሚደጋገፉበት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ በሁለት ሰዎች ተጀምሮ ዓለምን አዳርሷል። የሚጠይቀው የሚሰበሰቡበት ክፍልና ምስጢር መጠበቅ ነው። ዕድርና ማኅበር ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይሆንም። የቀበሌ አዳራሽ በሳምንት አንድ ምሽት ለዚህ እንዲፈቀድ በምርጫው ብንሸነፍም እንጠይቃለን።

የእኚያ እናት ማመልከቻ ገቢ ከሆነ ሰነባበተ፤ ቅጂው ከነቁጥሩ እኛ ዘንድ አለ፤ መልስ አልመጣም። በክርክር መድረኩ እጩዎች ፊታችሁ ሲቀርቡ፣ የእኛንም እጩ ጨምሮ፣ እናንተም እንደ እርሳቸው ጠይቋቸው፦ ልጄ ዛሬ ማታ ቢንቀጠቀጥብኝ የት ልውሰደው፣ ማንስ ይከፍላል?