ሠርቶ መጠበቅ፤ ስለ ላሊበላና ስለ ላስታ ደጋ

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ፈልፍለው ያወጡ ጠቢባን ስለ ዐምዱና ስለ መስኮቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ዝናቡ ውሃም አጥብቀው አስበው እንደ ነበር ሥፍራውን የተመለከተ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመው በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ሲሆን ክረምት በገባ ቍጥር ጕድጓዱ ኵሬ ሆኖ አይቀርም፤ በጣራው ላይ የወረደው ዝናብ ከዚያው ከድንጋዩ በተፈለፈለ አሸንዳ ይወርዳል፥ ከሥር የሚጠራቀመውም በተቈረጠለት ቦይ ይወጣል። በሌሎቹም ሕንጻዎች ዙሪያ እንደዚሁ የውሃ መሄጃ አለ፤ በሁለቱ ክፍል አብያተ ክርስቲያናት መካከልም ዮርዳኖስ የሚባለው መውረጃ ይገኛል። ዳሩ ግን ቦይ በየዓመቱ ካልተጠረገ በደለል ይደፈናል፤ የተደፈነ ቦይም ውሃውን መልሶ ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱት ሕንጻውን ብቻ አይደለም፤ ሕንጻውን በየክረምቱ የመጠበቅን ሥራም ጨምረው አወረሱ።

ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በየጉባኤው ዘላቂ ልማት የሚባል ቃል ይነገራል። ቃሉ በዓለም ላይ የገነነው የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ግሮ ሀርለም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሲዮን በ1979 ዓ.ም. ጥናቱን ባወጣ ጊዜ ነው፤ አሳቡም ባጭሩ የዛሬው ትውልድ ጕድለቱን ሲሞላ የሚመጣው ትውልድ የሚኖርበትን እንዳያጠፋበት ነው። ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ ሕዝቦቿ የኑሮ መሻሻልና የዘላቂ ልማት መብት እንዳላቸው ደነገገች። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያም የዓለም መንግሥታት 17 ዓላማዎችን ተቀብለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 2030 ለመፈጸም ተስማሙ። ቃሉ አዲስ ቢመስልም ነገሩ ለቤተ ክህነት ሰው እንግዳ አይደለም፤ አዳም በገነት ሲኖር የማልማትና የመጠበቅ ሁለት ሥራ እንደ ተሰጠው ኦሪትን የተማረ ሁሉ ያውቃልና። ችግሩ የመጀመሪያው ሥራ ምረቃና ጭብጨባ ሲኖረው ሁለተኛው ምንም የሌለው መሆኑ ነው። ይህንንም ከላስታ አብልጦ የሚያሳይ አገር ብዙ አይገኝም።

አስቀድሞ የአብያተ ክርስቲያናቱ ጥገና ይታይ። ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኢጣሊያዊው የሕንጻ ዐዋቂ ሳንድሮ አንጄሊኒ የመሩት ሥራ በተካሄደ ጊዜ፥ ከድካሙ አንዱ ክፍል ሌሎች ከዚያ በፊት ለጥገና ብለው በአለቱ ላይ የቀቡትን ሬንጅና ቀለም ማስወገድ ነበር። በበጎ አሳብ የተደረገ ጥገና ራሱ ሌላ ጥገና ጠየቀ ማለት ነው። በ1970 ዓ.ም. ላሊበላ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ከዚያም በኋላ ዝናቡ አለቱን እየበላ ስለ ሄደ በአንዳንዶቹ ላይ የእንጨትና የቆርቆሮ መጠለያ ተሠራ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በቤተ መድኃኔ ዓለም፥ በቤተ ማርያም፥ በቤተ መስቀል፥ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ በብረት ምሰሶ የተደገፉ 4 ታላላቅ ጣራዎች ቆሙ።

እነዚህ ጣራዎች ዝናቡን እንደ ከለከሉ አይካድም። ነገር ግን የቆሙት ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር፤ 10 ዓመት ካለፈ በኋላም ከቦታቸው አልተነሡም። የከተማው ሕዝብ ነፋስ በተነሣ ቍጥር ምሰሶው ወድቆ ቅርሱን ይሰብረዋል እያለ ይሠጋ ጀመር፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው፥ ካህናቱም ጭምር፥ ወደ አደባባይ ወጥቶ ጣራው እንዲነሣለት ጠየቀ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ ድረስ መጥተው ለጥገናው ርዳታ ቃል ገቡ።

በዚህ ነገር ለጋሹን ብቻ ወይም መሐንዲሱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይሆንም። ለጊዜው የተባለ ነገር ሲሠራ መቼ እንደሚነሣ፥ ማን እንደሚያነሣው፥ እስኪነሣም ድረስ ብሎኑን ማን እንደሚያጠብቀው አጥብቆ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ባለቤቱ ደግሞ አንድ አይደለም፤ በፌዴራሉ መንግሥት በኩል የቅርስ ባለሥልጣን አለ፥ በክልሉ የባህልና የቱሪዝም ቢሮ አለ፥ የከተማው አስተዳደር አለ፥ ከሁሉ በፊት ደግሞ ገዳሙ አለ። አራት ባለቤት ያለው ነገር በምረቃው ቀን አራቱንም ያሰባስባል፤ በብሎኑ ቀን ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ማየት በየትም አገር የታወቀ ነው።

ከዚህ የተለየ ምሳሌም ከዚያው ከላሊበላ አይጠፋም። የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የሚባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ ባደረገው ጥገና፥ ስንጥቁን ለአለቱ በሚስማማ በኖራ እየሞሉ መሥራትና የአገሩን ልጆች ሙያውን ማስተማር ተያይዘው ሄዱ። እንግዳው ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ እጁ የለመደ ሰው በከተማው ይቀራል። ይህን የመሰለ ሥራ ከሩቅ አይታይም፥ በፎቶግራፍም አያምርም፤ የሚቈየው ግን እርሱ ነው።

የአለቱ ነገር በአፈሩም ላይ ይታያል። ከከተማው በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ተከዜም ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ይነሣል። በዚህ ደጋ ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። የገበሬው ማሳ ጠባብ ነው፤ አባት ለልጆቹ ባካፈለ ቍጥርም ይብስ ይጠባል፤ ስለዚህ ማረሻው ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ዛፍ ባለቀበት አገር ማገዶው ኩበት ነው፤ ኩበት በምድጃ ሲነድ ወደ እርሻው ሊመለስ ይገባው የነበረው ፍግ ዐመድ ሆነ ማለት ነው። መሬቱ ሲደክም ገበሬው ሌላ ተዳፋት ያርሳል፤ የሐምሌ ጐርፍም አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይወስደዋል። በተከዜ ላይ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፥ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ ግድብ አለ። ከላስታ የወረደው አፈር በዚያ ግድብ ሆድ ውስጥ ደለል ይሆናል። እንግዲህ በላስታ አንድ እርከን ሲፈርስ የሚጐዳው ባለ እርሻው ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ባለው አገር መብራት የሚጠብቀውም ሰው ነው።

ወሎ የ1965ቱንና የ1977ቱን ረኀብ ያየ አገር ነው። ከዚያ ወዲህ የርዳታ እህል እየተከፈለ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፥ በየተራራውም ዛፍ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን በወሎ ከዚህ ደን ብዙው ተቈረጠ፥ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። ገበሬው ይህን ያደረገው የዛፍንና የእርከንን ጥቅም ባለማወቅ ነው ማለት ስሕተት ነው። ዛፉ በትእዛዝ ተተከለ፥ ተራራው በትእዛዝ ተከለለ፤ ገበሬው ከዚያ ማገዶ ቢለቅም ወይም ሣር ቢያጭድ እንደ ሌባ ይቈጠር ነበር፤ ስለዚህ የመንግሥት ነው ብሎ የሚያየው ነገር ያ መንግሥት ሲሄድ አብሮት የሄደ መሰለው።

በዚያው ዘመን፥ በዚያው አገር፥ ያልተቈረጠ ዛፍም ነበረ። ይኸውም የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ዙሪያ ያለውን ጽድ የተመለከተ ሰው የላስታ ተራራ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር ይገምታል። ይህ ደን የቈየው የተለየ አፈር ስላለው አይደለም፤ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ስለሚታወቅ፥ ለምን እንደሚጠበቅም አጥቢያው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። የሆነ ሆኖ ካህናቱም በዚህ ብቻ ተመክተው መቀመጥ አይገባቸውም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፥ ለአጥቢያውም ገንዘብ ያስገባል፤ ነገር ግን ጽዱንና ወይራውን እየነቀሉ በቦታው ባሕር ዛፍ መትከል በኢትዮጵያ ብዙ አጥቢያዎች ታይቷል። ጽድ አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢጠብቀው ሙሉ ቁመቱን ሳያይ የሚሞትበት ዛፍ ነው።

መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት፥ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በሕዝብ ጕልበት የሚደረገው የተፋሰስ ሥራ፥ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውም የአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ ተከላ፥ እነዚህ ሁሉ አገር የሚያድኑ ሥራዎች ናቸው። በተራራው ላይ ከብት እንዳይገባ ተከልሎ በተተወ ቦታ ሣሩ ሲመለስ፥ ደርቆ የነበረው ምንጭም ሲፈልቅ የታየበት ብዙ አገር አለ። ሆኖም ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል የሚላከው ወረቀት የሚቈጥረው የተሠራውን እርከንና የተተከለውን ችግኝ ነው። ባለፈው ዓመት ከተሠራው ውስጥ ምን ያህሉ ቆሞ ክረምቱን እንዳለፈ የሚጠይቅ ዐምድ በዚያ ወረቀት ላይ ቢጨመር፥ ብዙ ሹም ሪፖርቱን ከመፈረሙ በፊት ወደ ተራራው መውጣት ግድ ይሆንበታል።

ስለ ሕዝቡ መተዳደሪያም መናገር ያስፈልጋል። ላሊበላ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ እንጀራውን በውጭ አገር ጐብኚ ላይ ጣለ፤ አስጐብኚው፥ ባለ ሆቴሉ፥ በቅሎ አከራዩ፥ መስቀልና ሥዕል ሻጩ ሁሉ ከአንድ ምጣድ ይበሉ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣና ጐብኚው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ከተማው ገባ፤ በ2014 ዓ.ም.ም ከተማው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አለፈ፥ መብራቱም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣና መንገዱ እንደ ገና ተዘጋ። ሰላም ከሌለ ልማት እንደማይኖር ለማስረዳት ሌላ ምስክር አያሻም። ነገር ግን ሰላም ሲመለስም ሰው ሁሉ ወደዚያው ወደ አንዱ ምጣድ ብቻ ቢመለስ፥ የሚቀጥለው ክፉ ቀን በዚያው መልክ ያገኘዋል። በመቄት ገበሬዎች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በየመንደራቸው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆ ሠርተው በኅብረት ያስተዳድሩት የነበረው ሥራ መልካም ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች እንግዳ ሲቀር ቢጐዱም እርሻቸውን አልለቀቁም ነበርና።

አንድ ሌላ እንግዳ ደግሞ አለ፤ ዕቅድ የሚጽፉ ሰዎች እምብዛም አይቈጥሩትም። ይህ እንግዳ ለልደት በዓል፥ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ከየአውራጃው በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚ ነው። ሆቴል አይከራይም፥ ዶላርም አይመነዝርም፤ ነገር ግን ጐብኚ በማይመጣበት ዘመን እንኳን ከመምጣት አያቋርጥም። የላሊበላ ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል። በእነዚያ ቀኖች በዚያች ጠባብ ከተማ ውስጥ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ሲያድር ውሃ ከየት ይጠጣል፥ ወዴትስ ይጸዳዳል? ለዚህ ሕዝብ የሚሆን የውሃ ታንከርና መጸዳጃ ቤት መሥራት ከአንድ ታላቅ ሆቴል ይልቅ በትንሽ ገንዘብ ይፈጸማል፤ ከተማውንም ከበሽታ፥ ቦዩንም ከቈሻሻ ያድናል።

እንግዲህ ከገዳሙ፥ ከከተማው አስተዳደር፥ ከክልሉና ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ለላሊበላም ሆነ ለላስታ ተራራ አዲስ ሥራ ሲፈቀድ፥ ከውሉ ጋር የጠባቂው ስምና በየዓመቱ የሚመደብለት ገንዘብ አብሮ ይጻፍ። ጐብኚው ለቤተ ክርስቲያኑ ከሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ለቦዩ ጠራጊና ለጥገና ባለሙያው የሚውለው ክፍል ተለይቶ፥ ሒሳቡም በየዓመቱ ለካህናቱና ለሕዝቡ ይነበብ። የተከለለው ተራራ ሣር ለማን እንደሚታጨድ፥ የዛፉ ቅርንጫፍም ለማን እንደሚደርስ ከገበሬው ማኅበር ጋር በጽሑፍ ይወሰን። ቄሰ ገበዙ የንዋየ ቅድሳቱን መዝገብ እንደሚይዝ ሁሉ የጽዱና የወይራው ቍጥር የሚጻፍበት መዝገብም ይኑረው። ይህ ሁሉ ክረምቱ በሰኔ አጋማሽ ሳይገባ፥ በግንቦት ወር ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።