ስለ ሟች ማዘን

በሰኔ 2015 ዓ.ም. አምስት ሰዎች የሰጠመውን ታይታኒክን ለማየት፥ ታይታን በምትባል ሰርጓጅ መርከብ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ጥልቅ ወረዱ። የውኃው ክብደት መርከቢቱን ጨፈለቃት፤ ሁሉም ሞቱ። ባለጠጎች ናቸውና ይበላቸው ብሎ የሣቀ ብዙ ነበረ። ከሟቾቹ አንዱ ግን አባቱን የተከተለ የ19 ዓመት ልጅ ነበረ።

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. እንጀራ ፍለጋ የወጡ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በየመን አጠገብ ሰጠመች፤ ከ90 የሚበልጡ ሞቱ። እነዚያን ሊፈልግ ብዙ መርከብ ወጥቶ ነበር፤ እነዚህን ግን ዓለም ፈጥኖ ረሳ። በዚህ የሚቈጣ ሰው ቍጣው እውነት አለው፤ ነገር ግን በባለጠጋ ሞት መሣቅ ለድሃ ልቅሶ አይሆንም።

በላፍቶ የእድር ጡሩንባ ሲነፋ፥ ጎረቤት የሟቹን ሀብት ሳይጠይቅ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ልጆች ሆይ፥ በሩቅ ባሕር ለሞተም ሰው እንዲሁ እዘኑ።