ለደላላው 2 ፐርሰንት፣ ለመሐንዲሱ ዜሮ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለአክስቴ ልጅ ቤት ያየሁላት እኔ ነኝ። እሷ ዱባይ ናት፤ ገንዘቡም ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። ደላላው ቁልፍ ይዞ መጣ፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቶቹን፣ ኩሽናውን ቀረጽኩና በቴሌግራም ላኩላት። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። «በጣም ያምራል!» ብላ በድምፅ መለሰችልኝ። ካርታውን አየሁ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራሁ፣ ተከራክሬም ዋጋ አስቀነስኩ። ያው ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ? ራሴን አደነቅኩ።

ሐምሌ ላይ እዚያ ቤት የገባችው አክስቴ ደወለችልኝ። ሄጄ ሳይ የኮርኒሱ ጥግ ረጥቦ ወርዷል፣ ያ የሚያበራ ቀለም ተልጧል፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሯል። ጣሪያው የጋራ ነው ተብሎ ከነዋሪዎቹ ማህበር ጋር ስንመላለስ ክረምቱ አለቀ። የጥገናው ወጪ ደግሞ እኔ ካስቀነስኩት ብር በለጠ። አክስቴ አልወቀሰችኝም። «አንተ ምን ታውቃለህ ልጄ» ብቻ አለችኝ። እውነቷን ነው። ያንን የሚያውቅ ሰው ከፍዬ ይዤ መሄድ ነበረብኝ።

ማን ከማን ጎን ነው?

እስቲ የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበርነውን ልቁጠር። ሻጩ ቤቱ እንዲሸጥለት ይፈልጋል። የሻጭ ደላላና የገዢ ደላላ ገንዘባቸውን የሚያገኙት ውል ሲፈረም ነው። እኔም ብሆን ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ነገሩ እንዲያልቅ ቸኩያለሁ። «ይህ ቤት ይቅርባችሁ» ቢል ምንም የማይጎድልበት ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ይህን ነገር ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ አሳይቶታል፤ በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል የተሸለመውም በዚህ ዘርፍ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። የአዲስ አበባ ቤት ገበያ ከዚህ አይሻልም። አንድ ባልዲ ቀለም የሦስት ክረምት ፍሳሽ ይሸፍናል።

ስለዚህ ለመሐንዲስ የምንከፍለው መረጃ ለመግዛት ነው። ቤቱን ብትገዙም ባትገዙም ክፍያው ያው ስለሆነ እውነቱን ቢነግራችሁ አይከስርም። ለዚህም ነው ደላላው «የማውቀው ልጅ አለ» ብሎ የሚያመጣውን መሐንዲስ የማልመክረው። ክፍያውም በቁርጥ ይሁን እንጂ ከቤቱ ዋጋ በፐርሰንት አይሁን።

ሂሳቡን እንየው

ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። በተለመደው 2 ፐርሰንት ደላላው ከገዢ ብቻ 100 ሺህ ብር ይወስዳል። ይህንን ሳናጉረመርም ባይሆንም እንከፍላለን። መሐንዲስ 20 ሺህ ብር ቢጠይቀን ግን «ለማየት ብቻ?» ብለን እንደነግጣለን። 20 ሺህ ብር ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ቤቱ 500 ሺህ ብር የሚያስወጣ የተደበቀ ችግር የሚኖረው ከአሥር አንዴ ቢሆን፣ በአማካይ የተሸከማችሁት ስጋት 50 ሺህ ብር ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያመጣኋቸው፤ የራሳችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት። ደግሞም «አሸንዳው በስብሷል» የሚል ባለ ፎቶ ሪፖርት ይዞ ዋጋ መከራከር «ትንሽ ቀንሱልን» ከማለት በጣም ይሻላል።

«ባንኩ ገምቶታል እኮ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የባንክ ገማች የሚሠራው ለባንኩ ነው፤ ዋናው ጥያቄው ብድሩ ባይመለስ ቤቱ ስንት ያወጣል የሚል ነው። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የሪል ስቴት አዋጅም ስለ ንብረት ግመታ ይደነግጋል። ግመታ ዋጋን ይነግረናል። ኮርኒሱ በሐምሌ ያፈስ እንደሆነ ማወቅ የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው።

ጥሩ ምርመራ ምን ያያል?

አሥራ አምስት ደቂቃ ዞሮ «አሪፍ ቤት ነው» ለሚል ሰው አትክፈሉ። የሙያ ፈቃድ ያለው፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ፣ ያየውን በፎቶ አስደግፎ በጽሑፍ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ።

ስንጥቅ ሲያይ የልስን ነው ወይስ የኮለንና የቢም ብሎ ይለያል። በቦሌና በአቃቂ በኩል በብዛት ያለው መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸማቀቃል፤ መሠረቱ ይህንን ታሳቢ አድርጎ ካልተሠራ ግድግዳው ይናገራል። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን ስንቶቻችን ነን ተነስተን ግድግዳ ያየነው? ብናይም የቱ ስንጥቅ እንደሚያሰጋ አናውቅም።

መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ አቁሮ ታች ያለው ቤት ይረጥብ እንደሆነ ይፈትሻል። የውሃ ፈረቃ ባለበት ከተማ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ፓምፑም ላይኛው ፎቅ ድረስ ይገፋ እንደሆነ ያያል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍቶ የገመዱን ውፍረት ከብሬከሩ ጋር ያመሳክራል። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት እሳት መጥራት ነው።

ሁሉንም ያያል ማለቴ አይደለም። ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ብረትና መሬት ውስጥ ያለ ቱቦ በዓይን አይታይም። ምርመራ ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ከቀብድ በፊት

ጊዜው ወሳኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚገባው ከቀብድ በፊት ነው። ካልሆነም የምርመራው ውጤት መጥፎ ከሆነ ቀብዱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። ሪል ስቴት ለገዛችሁም ያው ነው፤ በርክክብ ቀን «ተረክቤያለሁ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አስመርምሩ።

ደላላው «ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው» ይላል፤ ሁሌም ይላል። ሻጩም «መሐንዲስ አላስገባም» ሊል ይችላል። ቤቱን አምኖበት የሚሸጥ ሰው ግማሽ ቀን በር ለመክፈት ለምን እምቢ ይላል? ያ እምቢታ በራሱ አንድ መረጃ ነው፤ እሱን በነጻ አገኛችሁ።

ብዙዎቻችን ውጭ ላሉ ዘመዶቻችን ዓይን ነን። «እስቲ ቤቱን እይልኝ» ሲሉን ስልክ ይዘን እንሄዳለን፣ የዓመታት ላባቸውም በእኛ ቪዲዮ ላይ ይወድቃል። እኔ የላክሁት ቪዲዮ አሁንም ቴሌግራሜ ላይ አለ፤ አራት ደቂቃ ነው። ሳሎኑ አለ፣ ኩሽናው አለ፣ በረንዳው አለ። ጣሪያው የለም። ቀጣዩን ቪዲዮ ስትልኩ ከመሐንዲሱ ሪፖርት ጋር ላኩት።