ለአጋሰስ ጀርባ የሚሆን ሚዶ፦ የፈረስ ማበጠሪያ መሻሻል በምን ይለካ?

የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም አባ ዲና ተብለዋል። በቤተ መንግሥት ለፈረሶቹ አያያዝ ኃላፊ የሆነ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበር። ይህ ሁሉ ክብር ግን የሠንጋ ፈረስ ድርሻ ነው። ከመንዝ ደጋ ገብስ ተጭኖ ገበያ የሚወርደው አጋሰስ ስምም ሹምም አልወጣለትም። ጀርባው የሚታሸውም ጊዜ ሲገኝ፣ በእፍኝ ገለባ ወይም በጆንያ ቁራጭ ነው።

ለዚህ እንስሳ የተሻሻለ ማበጠሪያ መንደፍ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚስብ ርእስ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊነደፍ፣ ሊሠራና ሊፈተን ይችላል፤ ወጪውም አያስፈራም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ጥናት አንድ የተለመደ ስሕተት ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ለመለካት የሚቀለውን ነገር የመሻሻል መለኪያ ማድረግ ነው። የወጣው ጠጉር በግራም ይመዘናል፤ የፈጀው ደቂቃ ይቆጠራል፤ የጥርሱ ብዛትና ርቀት በሠንጠረዥ ይቀመጣል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ግን ከእነዚህ አንዱም ዋናውን ጥያቄ አይመልስም። በዚያ አገር የፈረስ ማበጠሪያ ሥራው ጠጉር ማሳመር አይደለም። ሥራው ጭነት ከመጫኑ በፊት የሰው እጅ በየዕለቱ የእንስሳውን ጀርባ እንዲዳስስ ማድረግ ነው። ገጣባ ገና ትኩሳትና እብጠት ብቻ ሳለ እንዲገኝ የሚያደርግ ማበጠሪያ የተሻሻለ ነው፤ ያን የማያደርግ ግን ምን ቢያብረቀርቅ አልተሻሻለም።

ነገሩ ከአገሩ ጠባይ ይጀምራል። መንዝ በጥንት አጠራሩ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል ብርዳም ደጋ ነው። የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል። የዚህ ደጋ ፈረስ ትንሽ፣ ጠጉሩም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቆዳው የሚያመነጨው ቅባት ከጠጉሩ ጋር ሆኖ ዝናቡን ያንሸራትትለታል፣ ሙቀቱንም ይይዝለታል። ከውጭ አገር ተቀድተው የሚመጡ የማበጠሪያ ንድፎች አብዛኞቹ የታሰቡት ግን በጋጣ ውስጥ ለሚያድር፣ ብርድ ልብስ ለሚለብስ፣ ለትርዒት ወይም ለግልቢያ ለሚዘጋጅ ፈረስ ነው። የእነርሱ ጥቅጥቅ ያለ ብሩሽ ቅባቱን ከቆዳው እስኪጠርግ ድረስ ቢሠራበት ባለቤቱ ይደሰታል፤ ጠጉሩ ያበራልና። ውጭ ለሚያድር ፈረስ ግን ያ ቅባት ልብሱ ነው። የፈረስ አያያዝ መምህራን በሌላውም ዓለም ቢሆን ሜዳ የሚያድርን ፈረስ አጥብቆ መቦረሽ እንደማይገባ ያስተምራሉ። ስለዚህ ለመንዝ «የበለጠ የሚያጸዳ» ማበጠሪያ መሥራት ፈረሱን በውርጭ ሌሊት ማራቆት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የሚበጠረው የት ነው? ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ጫንቃው፣ የጀርባው ግራና ቀኝ፣ መጫኛው የሚያልፍበት የደረት ሥር። ገጣባ የሚጀምረው በእነዚህ ቦታዎች ነው። የደረቀ ላብ፣ አቧራና የገብስ ጢም ከጠጉሩ ጋር ተጣብቀው ይጠጥራሉ፤ ከላይ ምንጣፉና ዳውላው ሲጫናቸው እንደ አሸዋ ወረቀት ቆዳውን ይፍቃሉ። በመጀመሪያው ቀን የሚታይ ነገር የለም፤ ቦታው ይሞቃል፣ ጥቂት ያብጣል፣ ሲነኩት ፈረሱ ይሸማቀቃል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉዞ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይላጣል። ከዚያ በኋላ ዝንብ ይሰፍርበታል። ድኖ ጠጉር ሲያበቅልም ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። በዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች የቀድሞ ጭነቶቹ መዝገብ ናቸው፤ ተመራማሪው የመነሻ መረጃውን ሲሰበስብ ከባለቤቱ ቃል ጋር እነርሱንም ሊያነብ ይገባዋል። ሰው ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ጠጉሩ ግን አይረሳም።

ያን የመጀመሪያ ቀን ትኩሳት የሚያገኘው ዓይን አይደለም፣ መዳፍ ነው። በዚህ ምክንያት የማበጠሪያው ቅርጽ ከጥርሱ ይልቅ በእጀታው ይወሰናል። ረጅም እጀታ ያለው ማበጠሪያ ክንድ ያሳርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን እጅን ከቆዳው ያርቃል፤ ያራቀውን ያህልም ምርመራውን ያጠፋል። የሚያስፈልገው በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዝ አጭር ዕቃ ነው፤ ሌላው እጅ ባዶ ሆኖ ተከትሎት እንዲዳስስ። አንድ ጊዜ ማበጠር፣ አንድ ጊዜ መዳበስ፤ ዕቃው ይህን ልማድ በራሱ ቅርጽ ማስተማር አለበት። በብዙ ቤት ፈረሱን የሚያስረውና የሚፈታው ልጅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ በጎልማሳ ወንድ እጅ ተለክቶ የተሠራ እጀታ ለአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ አይመችም። ልጁ የማይመቸውን ዕቃ ወዲያ ይጥለዋል፤ ለምን እንደጣለውም በመጠይቅ ላይ አይጽፍም።

ጥርሱም ቢሆን ከዚሁ ሐሳብ ይከተላል። የጠጠረውን ላብ እንዲፈታ ሰፋ ያለ ርቀት፣ ቆዳውን እንዳይቧጭር የደነበዘ ጫፍ ያስፈልገዋል። በጫንቃና በአከርካሪ አጥንት ላይ ቆዳው ከአጥንቱ ብዙም አይርቅም፤ በዚያ ላይ የብረት ማበጠሪያ መጫን ፈውስ ፍለጋ ወጥቶ ቁስል ማስቀመጥ ነው። ቆርቆሮ ቆርጦ ጥርስ ማውጣት ለአንጥረኛ ቀላል ሥራ ነው፤ ግን ጠርዙ ካልተሞረደ ስለት ይሆናል፣ ከጊዜ በኋላም ይዝጋል። እንጨት የባህላዊው ሚዶ መሥሪያ ስለሆነ እጅ የለመደው ነው። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የከብት ቀንድ ይመስላል። ቀንድ በሙቀት ይለዝባል፣ ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ ጫፉ ይድቦለቦላል፤ ዋንጫ የሚሠሩ እጆች ጠባዩን ያውቁታል። ደጋግመው ቢቀቅሉት ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ይህ ጉድለት ወደ ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ ያደርሳል።

ማበጠሪያ ከፈረስ ወደ ፈረስ በሽታ የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። የጭርት ዘር በማበጠሪያና በምንጣፍ ላይ ለወራት ይቆያል፤ የእከክ ተውሳክና ቅማልም በዚሁ መንገድ ይሻገራሉ። ከሁሉ የሚከፋው በፈንገስ የሚመጣው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ነው፤ በቁስል በኩል ገብቶ በሊምፍ ቱቦዎች ላይ ተራ በተራ እባጭ እያወጣ ፈረሱን ከሥራ ያስወጣዋል። ጎበና አመኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺሕ በላይ የጋሪ ፈረሶች ታይተው 19 በመቶ የሚጠጉት በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። በሽታው የሚበረታው ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ባለው ሞቅና ረጠብ ባለ ከፍታ ነው። የመንዝ ብርድ ለራሱ ፈረሶች እንደ አጥር ያገለግላል ማለት ይቻላል። ነገር ግን አጋሰስ በአንድ ከፍታ አይኖርም። ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማና ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ በገበያ ከሌሎች ጋር ታስሮ፣ ጀርባው ተልጦ ይመለሳል። ያን ጊዜ ለጎረቤት ሁሉ የሚውል አንድ «የተሻሻለ» ማበጠሪያ በሰፈሩ መኖሩ በረከት ላይሆን ይችላል። የጋራ ዕቃ ወጪ ይቀንሳል የሚለው ክርክር፣ በሌላ መሣሪያ እውነት ቢሆንም፣ እዚህ አይሠራም።

ስለዚህ ንድፉ አንድ ዕቃ ሳይሆን ሁለት ቢሆን ይሻላል። የመጀመሪያው ለአንድ እንስሳ ብቻ የሚሆን፣ ከኮርቻው ወይም ከመጫኛው ጋር ታስሮ የሚቀመጥ የቀንድ ሚዶ ነው፤ ከሌላ ጋር ካልተጋራ መቀቀሉም አያስፈልገውም። ሁለተኛው ቁስል ላለበት ወይም ለተጠረጠረ እንስሳ የሚሆን፣ ከሣር ተጠቅልሎ የታሰረ መጥረጊያ ሲሆን አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚቃጠል ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲያገለግል የኖረ ጠንካራ ሣር ነውና ለዚህ ሥራ መሞከሩ አያስቸግርም፤ እርግጥ አጨዳው በማኅበረሰቡ ሥርዐት እንጂ በተመራማሪ ፈቃድ አይሆንም። የሚቃጠል መጥረጊያ የፈጠራ ባለቤትነት አያስገኝም፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይም ሥዕሉ አያምርም። በዚያ አገር ግን ከፋብሪካ ዕቃ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ሰሜን ሸዋ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ትምህርት በበጉ ላይ አይቷል። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ በኋላ የመንዝን በግ እንደ ኮሪዴልና ሮምኒ፣ ኋላም እንደ አዋሲ ካሉ የውጭ ዝርያዎች ጋር ማዳቀል የመሻሻል መንገድ ሆኖ ቆየ። ዲቃሎቹ በማዕከሉ ጥሩ ክብደት ቢያሳዩም በገበሬው መንጋ የታሰበውን ያህል አልተስፋፉም። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ፕሮግራም ከሌላው ጫፍ ተነሣ፤ አርቢው ከበጉ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀ፤ የሚመረጠውንም አውራ በግ ከራሱ ከመንጋው አወጣ። የማበጠሪያው ጥናት ያንን ረጅም መንገድ እንደገና መጓዝ አያስፈልገውም። አጋሰስ ያለው ገበሬ ምን ጊዜ ገጣባውን እንደሚያይ፣ ሲያየው ምን እንደሚያደርግ፣ ጭነቱን ለማስቀረት አቅም ይኑረው አይኑረው መጠየቅ ከመጀመሪያው ሥዕል በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ገጣባ የሚመጣው ከቆሻሻ ይልቅ ከከባድ ጭነትና ከመጥፎ ምንጣፍ ነው፤ ስለዚህ ጥናቱ በምንጣፉ ላይ ይሁን የሚል ነው። ተቃውሞው በአብዛኛው ልክ ነው። ሳስቶ አጥንት ላይ የሚያርፍ ምንጣፍ እያለ ምንም ዓይነት ሚዶ ጀርባ አያድንም፤ ሚዶውን የምንጣፉ ምትክ አድርጎ የሚያቀርብ ጥናትም ገበሬውን ያሳስታል። ነገር ግን ምንጣፉ የት ላይ እንደሳሳ የሚነግረው በየጠዋቱ የተዳበሰው ጀርባ ነው። የሞቀው ቦታ ምንጣፉ የሚጠገንበትን ቦታ ያሳያል። ሁለቱ ጥናቶች ተቀናቃኞች አይደሉም፤ ቢቻል አንድ ተማሪ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ላይ በአንድ ወቅት ቢሠሩ ውጤታቸው ይደጋገፋል።

የመለኪያው ዘዴ አዲስ መፈልሰፍ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በአምስት አገሮች 4,903 ፈረሶችን፣ በቅሎዎችንና አህዮችን ሲመረምር ሐኪም ማሽን ሳይዝ በዓይንና በእጅ ሊያያቸው የሚችላቸውን ምልክቶች፣ ቁስልን ጭምር፣ በሰውነት ክፍል እየለየ መዝግቧል። ኢትዮጵያ ከአምስቱ አገሮች አንዷ አልነበረችም፤ ቅጹ ግን ለመንዝ አጋሰስ ሊስማማ ይችላል። የሚያስፈልገው ማሻሻያ ጥቂት ነው፦ ጠጉር ያልረገፈበት የትኩሳት ቦታ፣ የላጠ ቦታ፣ ያመረቀዘ ቦታ፣ የዳነ ነጭ ጠጉር፤ እያንዳንዱም በጫንቃ፣ በጀርባና በደረት ሥር ተለይቶ። ሙከራው ጭነት በሚበዛበት የመኸር ወቅት ቢጀምር፣ ሚዶ የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው ቤቶች በየሁለት ሳምንቱ ቢታዩ፣ ከስድስት ወር በኋላም ተመራማሪው ሳያስታውቅ ተመልሶ ሚዶው ከመጫኛው ጋር እንደታሰረ መሆኑን ወይም ከጣራ ሥር ተሰክቶ አቧራ መጠጣቱን ቢያይ፣ ከማንኛውም የግራም ሠንጠረዥ የበለጠ መረጃ በእጁ ይገባል።